ስልሳ ዓመቴ ሊሞላ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር ያለ ለቅሶ መገናኘት እፈልጋለሁ

ጳጉሜን ስድስት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው።

የተወለድኩት ደሴ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። በእርግጠኝነት የማውቀው አባቴ በዳዊታቸው የመጨረሻ ቅጠል ላይ ስለጻፉት ነው፤ ከሥሩም «ዘመነ ሉቃስ» ይላል። ጳጉሜን 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ልጅ ሳለሁ እናቴ «ዘንድሮ የአንቺ ቀን የለችም» ትለኝና አዝን ነበር። በሚመጣው ዓመት፣ በ2019፣ አለች። ያን ቀን ስልሳ ይሞላኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ጡረታ የምወጣውም ያኔ ነው።

ልጆቼ አዳራሽ ተከራይተን፣ ኬክ አሠርተን፣ ዘመድ ጠርተን ይላሉ። ከልባቸው ነው፣ እግዜር ያክብራቸው። እኔ የምመኘው ግን ሌላ ነው። አራት ጓደኛሞች ነን። ወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤት ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረን ተምረን በ1977 ማትሪክ ተፈተንን። አንዷ እዚያው ደሴ ቀረች፣ አንዷ ሐዋሳ አገባች፣ አንዷ ሜሪላንድ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ባለፉት ሃያ ዓመታት አራታችን አንድ ላይ የተገኘነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱም ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ንፍሮ ቀመስን፣ በማግስቱ ተበታተንን። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይሞትብን አንድ ሌሊት አብረን አድረን ማውራት እፈልጋለሁ። ስጦታ ብትሉኝ ይኸው ነው ስጦታዬ።

ቦታው ደሴ መሆን አለበት፤ ደሴ ያለችው ጓደኛዬ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቷን ስለምታስታምም አንድ ሌሊትም ከቤት አትርቅም። ሦስት ቀን ይበቃል? ወጪውን እንዴት እንካፈል? እንዲህ ያለ ነገር ያዘጋጀ ካለ ይንገረኝ።

የሐረጎ ልጅ፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። ስለ መንገዱ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ብዙ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደኅናው ጊዜም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በጳጉሜን ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትሽ ያለው መኪና መብራቱ እንኳ አይታይም። ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስትጨርሺ ሙቀቱ ይቀበልሻል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ ታወልቂያለሽ፣ ደሴ ስትደርሺ ደግሞ መልሰሽ ትለብሺዋለሽ።

በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለውን ሁኔታ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ግቡ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሳምንት በፊት እዚያው ካለችው ጓደኛሽ ሁኔታውን ጠይቂ፤ ዜና ላይ ከምትሰሚው የእሷ ቃል ይበልጣል። ቀኑን የሚያፈርስ ነገር ከመጣ ደግሞ ጥቅምት ላይ የምታውሉት ሌላ ቀን ከአሁኑ ተስማሙበት። ተቀያሪ ቀን የሌለው ቀጠሮ አንዴ ከፈረሰ ሌላ አምስት ዓመት ይተኛል።

ባሕረ ሐሳብ፦
እትዬ፣ የእርስዎን ቀን ሳሰላ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ቅዳሜ ይውላል። በማግስቱ እሑድ እንቁጣጣሽ ነው፣ 2020 ይገባል። ማለት የልደትዎ ምሽት ችቦ የሚበራበት ምሽት ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነው፤ የተወለዱበትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 1967 ነበር። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ሴፕቴምበር 11 የሚውለው መስከረም 1 ላይ ስለሆነ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ሲደውልልዎ እርስዎ «ቀኔ ትናንት አለፈ» ሳይሉ አይቀሩም። ሁለቱ አቆጣጠሮች በእርስዎ ልደት ላይ የሚገናኙት ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ብቻ ነው።

ከተወለዱ ወዲህ የ2019ኟ ዐሥራ አምስተኛዋ ናት። የመጨረሻዋ በ2015 ነበረች።

ምክር ለጋሽ፦
አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የተለየ ሐሳብ ልስጥ። በእኛ ዘንድ ልደት ለሕፃን ነው የሚከበር። ወላጆቻችን ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ ጡት እጠባ ነበር» ብለው ነው የሚመልሱት፤ ተከብረውም ኖረዋል። ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ ደሴ ላይ ስንት የተቸገረ ቤተሰብ ያበላል? በተለይ ያ አካባቢ ካሳለፈው ጦርነት በኋላ። ቅር አይበልዎት፣ ከልቤ ነው።

የጽዋ ማኅበርተኛ፦
ወንድሜ ምክር ለጋሽ፣ ስለ ተቸገሩት ያልከው ልክ ነው፤ ስለ ባህሉ ግን እንዲያ አይደለም። በታወቀ ቀን ወዳጅ ሰብስቦ እንጀራ መቁረስ ከማንም አልተበደርነውም። እናቶቻችን በየወሩ በሚካኤል፣ በማርያም ማኅበር ይጠጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ግንቦት 1 ልደታን፣ ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት ታከብራለች። እህታችን የጠየቀችው ፊኛና አዳራሽ አይደለም፣ ሦስት ሰው ነው። ሦስት ጓደኛ ለማየት መሄድ ደግሞ ጥየቃ ነው፤ ስሙ «ልደት» ስለተባለ ብቻ አይቀየርም።

ደግሞ ልብ በል፤ ለለቅሶ ቢሆን አሜሪካ ያለችው ዛሬ ማታ ትኬት ትቆርጥ ነበር፣ ማንም ስለ ወጪው አይጠይቃትም። ለሙታን የምናወጣውን ለሕያዋን ስናወጣ ብቻ ለምን እንሳቀቃለን?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሜሪላንድ ስላለችው ጓደኛሽ እኔ ላውራ፣ ኑሮዋ የእኔ ኑሮ ነውና። ለጳጉሜንና ለመስከረም የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ በአበሻ ይሞላል፤ ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይገባል። ትኬቱን ከስድስት ወር በፊት ካልቆረጠች ዋጋው ይሰቀላል። የሥራ ፈቃዷን ከአሁኑ ታስይዝ። የሠራተኞች ቀን የሚባለው በዓል ሴፕቴምበር 6 ሰኞ ይውላል፤ ፈቃዷን ከዚያ ጋር ብታያይዘው አንድ የሥራ ቀን ታተርፋለች።

ስለ ወጪው ያልሽው ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጓደኞቼ ጋ ስሄድ ሁሌ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ቆይቶ ግን አንዷ የልቧን መንገር ተወች፤ የተቸገረችውን ብትነግረኝ ገንዘብ የጠየቀችኝ እንዳይመስለኝ ፈርታ ነው። እኔም ለማውራት ስደውል ለመስጠት የደወልኩ እየመሰለ ተቸገርኩ። ገንዘብ ነው መሃላችን የገባው። እባካችሁ ዕቁብ ጣሉ። ደሴ ያለችው በምትችለው ልክ ይቆረጥና አራታችሁም እኩል አስገቡ፤ አሜሪካ ያለችውም ከዚያ አትለፍ። ትኬቷን ራሷ ትቻል፣ ደሴ ላይ ያለው ወጪ ግን ከዕቁቡ ይሁን።

የጓዳ ሰው፦
ወሎ ናችሁና ከመካከላችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ ብዬ ልገምት። እንዲያ ከሆነ ቅዳሜን በጾም ምግብ አውሉት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብዙ እናቶች ጳጉሜንን በፈቃዳቸው ይጾሟታል፤ ለእነሱ ሥጋ ቢቀርብ ሆዳቸው ይከፋል። በሌላ በኩል የማን ቢላ ያረደው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ በአንድ ትሪ ቀርቦ አራታችሁም ከአንድ ትሪ ትጎርሳላችሁ። ሁለት ትሪ መቅረቡ ነውር ኖሮት አይደለም፣ ሰርግ ላይ ሁላችንም የለመድነው ነው። ግን ለአርባ ዓመት ጓደኛ አንድ ትሪ ይሻላል። እሑድ ለእንቁጣጣሽ ዶሮው በየወጉ ይታረዳል።

ኬኩን ለልጆቻችሁ ተዉላቸው። ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግሩ፤ ምሽት ላይ ችቦው ሲበራ ይቆረሳል።

በረካ፦
አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ደሴዋ ነገርሽን፣ እናቷ እንደታመሙ። አሜሪካ ስላለችውም አንድ ሁለት ቃል። ስለ ሐዋሳዋ ግን «አገባች» ብለሽ አለፍሽ። ለመሆኑ ሦስቱን ጠይቀሻቸዋል? ምን አሉ?

ጳጉሜን ስድስት፦
ሁላችሁንም አንድ በአንድ አነበብኳችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የጓዳ ሰው እንዳለችው ነው፤ ደሴ ያለችው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። እሷ የልደት ቀኗን አታውቀውም። እናቷ «የአረፋ ማግስት» ነው የሚሏት፤ መታወቂያዋ ላይ ደግሞ የማይመስል ቀን ተጽፏል። ስነግራት ሳቀችና «እንግዲያው ያንቺን ቀን አጋሪኝ» አለችኝ። አሜሪካ ያለችው ስልኩ ላይ አለቀሰች።

በረካ፣ ልክ ነሽ። ለሐዋሳዋ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ዓመት ሆነን አልተነጋገርንም።

በ2009 እናቷ ሲያርፉ እኔ ቀዶ ሕክምና አድርጌ አልጋ ላይ ነበርኩ። መታመሜን ለማንም አልነገርኩም፤ ለልጆቼ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። በባለቤቴ በኩል ገንዘብ ላክሁ። እሷ እኔን ነበር የምትጠብቀው። እናቷ እኮ በተማሪነታችን ምሳ ያበሉኝ እናት ናቸው፤ የእኛ ቤት ሩቅ ስለነበረ እሳቸው ጋ በልቼ ነበር የከሰዓት ትምህርት የምገባው። «እሷ ገንዘብ ልካ ቀረች» አለች ተባለ። እኔም «ሳትጠይቀኝ ፈረደችብኝ» ብዬ ዘጋሁ። ከዳንኩ በኋላ አንድ ቀን ሄጄ ልቅሶዋን መድረስ ስችል ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ታምሜ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።

በቴሌግራም ቡድን ከፍቼ አራታችንንም ላስገባና በዚያው ልጋብዛት አስቤ ነበር። ሌሎቹ ሲደሰቱ ስታይ ትለሰልሳለች ብዬ።

በረካ፦
አታድርጊው እህቴ፣ በአላህ። በሰው ፊት ጋብዘሻት እንቢ ብትል ማፈሪያ ትሆናለች፣ እሺ ብትል ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ሦስት ቀን አንድ ቤት ታድራላችሁ፤ ያ ነገር አቦሉም ሳይጠጣ ይፈነዳል።

መጀመሪያ ልቅሶውን ድረሺ። የዘገየ ልቅሶ አለ፣ በእኛ አገር ሰው ከዓመታት በኋላም ሄዶ ያለቅሳል። ስለ ልደቱ አንድም ቃል አትናገሪ። ሄደሽ ስለ እናቷ አልቅሺ። ስለ ምሳው ለእኛ የነገርሽንን ለእሷ ንገሪያት።

ከኋላ የመጣሁ፦
እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ክር ሳነብ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። የኔዋ ጓደኛ ጎንደር ነበረች። የተጣላንበት ነገር ከአንቺም ያነሰ ነው፤ ለልጄ ሰርግ ካርድ ዘግይቶ ደረሳት። አምሳ ዓመቴን ሳከብር እጠራታለሁ፣ ያኔ ሰው ሲሞላ እርቁ ይቀላል ብዬ አቆየሁት። ሰባት ወር ሲቀረው አረፈች። ቀብሯ ላይ ልጇ አቅፋ «እማዬ ስለ እርስዎ ሁሌ ታወራ ነበር» አለችኝ። ስለኔ ታወራ ነበር! ስልኬ ላይ የተቀመጠውን ቁጥሯን አሁንም አላጠፋሁትም።

ልደቱን አልተውኩትም፣ አከበርኩት። ሰው ሞልቶ ነበር። የማስታውሰው ግን በሩን ማየቴን ነው።

እባክሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

ዱባይ ያለሁ፦
አርባ ዓመቴን ባለፈው ዓመት እዚህ አከበርኩ። አምስት የሰው ቤት ሠራተኞች ነን፣ የእረፍት ቀናችን የሚገጥመው በስንት ወር አንዴ ነው። አንዷ ጀበና ከአገር ይዛ መጥታ ነበር፣ አንዷ ቡናውን ቆላች፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በረካውን እስክንጠጣ ድረስ ስለ እናቶቻችን አወራን። በሰባት ሰዓት ተጀምሮ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተበተንን። እንዲያ ያለ ቀን ሌላ የለኝም። እትዬ፣ ሦስት ቀን ካገኙ አያሳጥሩት።

የሐረጎ ልጅ፦
እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ከሦስቱ ቀን አንዱን ሐይቅ አውሉት። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ ደሴ ያለችው ጓደኛሽ እናቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ከሰዓት ትመለሳለች። የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ያ አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት፣ ሴቶች አይገቡበትም፤ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ አሣ ብሉ። በጳጉሜን መጨረሻ ዳገቱ ሁሉ በአደይ አበባ መቢጨት ይጀምራል፣ ለፎቶም ለነፍስም ጥሩ ነው።

ማታ ማታ ጋቢ አትርሱ። የደሴን ብርድ አዲስ አበባ ያስረሳል።

ምክር ለጋሽ፦
ይህን ክር ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። እትዬ፣ የፊቱን ጽሑፌን አልሰርዘውም፣ ግን ሦስቱም መገናኛችሁ ለቅሶ መሆኑን ሳላስተውል ነበር የጻፍኩት። እኔም የአስተማሪ ማሠልጠኛ ጓደኞቼን ያየኋቸው በ2012 ቀብር ላይ ነው። ስለ ተቸገሩት ያልኩትን የሚያስታርቅ ሐሳብ መጣልኝ፤ ከዕቁቡ ጥቂት ተቀንሶ በዚያ ቅዳሜ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ደብተርና ቦርሳ ቢገዛ። መስከረም ላይ ትምህርት ስለሚከፈት ጊዜውም ይገጥማል። ካላስቸገረ ብቻ።

ፎቶ ቤት፦
ከተማሪነታችሁ የቀረ ፎቶ ካለ ከወዲሁ ስካን አስደርጉት። የ1970ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ዳር ዳሩ እየተበላ ይሄዳል። አራት ቅጂ አሳጥበሽ ከጀርባው ሦስቱም አንድ አንድ መስመር ይጻፉልሽ፣ አንቺም ለእነሱ።

ጳጉሜን ስድስት፦
ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። ሐዋሳ ሄጄ ነበር።

ሳልደውል ነው የሄድኩት። ብደውል ድፍረቱን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ከሰዓት ደረስኩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። አርጅታለች፤ እኔም እንዲሁ ሳልሆን አልቀረሁም፣ ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝ። በረካ እንዳልሽኝ ስለ ልደቱ አልተነፈስኩም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እዚያው ደጃፍ ላይ «እማማ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ልይዘው አልቻልኩም። እሷ መጀመሪያ ቆማ አየችኝ፣ ቆይታ እሷም አለቀሰች። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ወጣ።

ቡና አፈላች። ስለ ምሳው ነገርኳት። የሚገርመው እሷ አታስታውሰውም ነበር፤ እናቷ እኔን ማብላታቸውን ለእሷ የቸርነት ነገር አድርገው አልነገሯትም፣ ልጃቸው እንደሆንኩ ነበር የሚቆጥሩኝ። ስለ ቀዶ ሕክምናውም ነገርኳት። ተቆጣች። «ለምን ትደብቂኛለሽ» ብላ ነው የተቆጣችው፣ በእውነት ጮኸችብኝ። ያ ቁጣ የድሮ ቁጣዋ ነበር።

ሁሉም ነገር ተፈታ ብዬ አልዋሻችሁም። ተሰናብቼ ልወጣ ስል ስለ ጳጉሜን ጠቀስኩላት። «አስብበታለሁ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ሳምንት ሙሉ ድምጿ ጠፋ። እኔም አልገፋሁ።

ለዕቁቡ በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ተስማምተን ነበር፣ ልኩን የወሰነችው የደሴዋ ናት፤ አሜሪካ ያለችው ሌላ ልትጨምር ስትል ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈችውን አነበብኩላትና ዝም አለች። ደብተርና ቦርሳውም ከዚያው ይሆናል፤ ወንድሜ ምክር ለጋሽ፣ ሦስታችንም ወደነዋል።

ትናንት ማታ ከሐዋሳ በቴሌብር አንድ ሺህ ብር ገባ። የመልእክቱ ቦታ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ችቦውን የማስረው እኔ ነኝ፣ ደረቅ ጭራሮ ታስቀምጥ በያት።» ለደሴዋ ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነገርኳት። ከክረምቱ በፊት ለቅማ ቆጥ ላይ ልታስቀምጠው ነው፣ ገና ዓመት ሲቀረው።